ጀምበር የብዙ ጀግኖችን ታሪክ መሸከም ይችላል?

ጀምበርን ታውቁታላችሁ? የብስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ነው። ስሙ አማኑኤል ጥላሁን፤ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት። ቀጥላ ደግሞ ሃዊ መጣች፤ ከአሜሪካ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘች ልጅ።

ሁለቱ በአንድ ታሪክ ቢገናኙስ? ይሄ "ክሮስኦቨር" ይባላል። የየራሳቸው መጽሐፍ ያላቸው ጀግኖች ለአንድ ትልቅ ጉዳይ ሲሰባሰቡ ማለት ነው። ማርቭል በ1984 "ሲክሬት ዋርስ"ን በ12 ክፍል አወጣ። ዲሲ በ1985 በጀመረው የራሱ ክሮስኦቨር ሱፐርገርልንና ፍላሽን ገደላቸው፤ አንባቢም አዘነ።

ለምን አዘነ? ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነዋ!

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚቆመው በጉልበት ብቻ አይደለም። መሪው የሚያጣው ነገር ሊኖረው፣ አንባቢም በሱ ውስጥ ራሱን ሊያይ ይገባል። እዚህ ላይ ጀምበር ያሸንፋል። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ከጎንደር እስከ ድብ ባሕር የማያውቅ ማን አለ?

የሚጎድለው ጊዜ ነው። ስፓይደርማን "ሲክሬት ዋርስ" ውስጥ ሲገባ ከአንባቢ ጋር 22 ዓመት ኖሯል። ጀምበር ግን ገና ልጅ ነው።

ስለዚህ መልሱ፦ ይችላል፤ ግን መጀመሪያ እሱንም ሃዊንም ለየብቻ እናንብባቸው። ካልተነበቡ ቢገናኙም ማንም ልብ አይላቸውም።

እናንተ ብትሆኑ መሪነቱን ለማን ትሰጡ ነበር? ለጀምበር ወይስ ለሃዊ?