የሰብሞዱል ሁለት አድራሻ

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2022 ጊትሃብ አድራሻው «ጊት» ብሎ የሚጀምረውን፣ ምስጠራ የሌለውን የቆየ ፕሮቶኮል ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ፣ እንዲህ ባለ አድራሻ የተመዘገበ ንዑስ ፕሮጀክት (ሰብሞዱል) ያቀፈ ሁሉ ከነንዑስ ፕሮጀክቱ ክሎን ሲደረግ መሃል ላይ ይቆም ጀመር። ኮዱ ላይ አንድ ፊደል አልተነካም፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ጊት አድራሻን የት የት እንደሚጽፍና የትኛውን እንደሚያምን ያወቀ ሰው ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ሰብሞዱል ማለት በአንድ ሪፖ ውስጥ የተቀመጠ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ ሪፖ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን የጀመረው በ2005 ሲሆን ሰብሞዱል የተጨመረው በ2007 ነው። እናት ፕሮጀክቱ የልጁን ፋይሎች አይዝም፤ የትኛው ኮሚት እንደሚፈለግ የሚናገር፣ በተለመደው አሠራር 40 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይመዘግባል። አድራሻው ደግሞ ጊትሞዱልስ በተባለ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ብትከፍቱት ለእያንዳንዱ ልጅ በካሬ ቅንፍ የታጠረ ስም፣ ከሥሩ ፎልደሩን የሚጠቁም «ፓዝ»፣ ቀጥሎ «ዩአርኤል» ታገኛላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፋይል ከኮዱ ጋር ለሁሉም የሚዳረስ ጥቆማ ብቻ ነው። «ጊት ሰብሞዱል ኢኒት» ስትሉ አድራሻው በማሽናችሁ ላይ ብቻ ወዳለው የሪፖው ኮንፊግ ይገለበጣል፤ ቀጥሎ «አፕዴት» ሲባል የሚነበበው ይሄኛው ነው። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ያለችውን ክፍተት እወዳታለሁ። የቢሮ ኢንተርኔት ደካማ ሆኖ ቅጂው በቅርብ ሰርቨር ላይ ካለ፣ እዚያች ላይ አድራሻውን መቀየር ነው። የባልደረባችሁን ማሽን አይነካም፤ ኮሚት የሚደረግ ለውጥም የለም።

ከሌላ ቦታ የመጣ ኮድ ያስተማምናል ወይ? መለያው እስካልተለወጠ ድረስ ከየትም ብታመጡት የሚደርሳችሁ ያው ኮሚት ነው። ቅጂው ያ ኮሚት ከሌለው ጊት ስህተት አሳይቶ ይቆማል። ምን እንደሚመጣና ከየት እንደሚመጣ ለየብቻ መመዝገቡ፣ በእኔ እምነት የሰብሞዱል ትልቁ ውበት ነው።

ጣጣው የፕሮጀክቱ ባለቤት አድራሻውን በጋራው ፋይል ላይ ሲያድስ ነው። ፑል ብታደርጉም የእናንተ ኮንፊግ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። «ጊት ሰብሞዱል ሲንክ» ለዚህ ተሠራ፤ ግን ራሳችሁ የቀየራችሁትንም አብሮ ያጠፋዋል።

ልጁ ሌላ ልጅ ካቀፈ ደግሞ የልጅ ልጁ አድራሻ የሚመዘገበው በልጁ ኮንፊግ ነው። ደረጃ በደረጃ እየገቡ ማረም ያሰለቻል። እዚህ «ኢንስቴድኦፍ» የሚለው ቅንብር ይሻላል፤ በሆም ፎልደራችሁ ባለው አጠቃላይ ኮንፊግ ላይ «በዚህ የሚጀምር አድራሻ ሁሉ በዚያ ይተካ» የሚል ሁለት መስመር ትጽፋላችሁ፣ እስከ ታች ድረስ ይሠራል። የ2022ቱንም መዘጋት «ጊት» የሚለውን መነሻ በ«ኤችቲቲፒኤስ» በመተካት ማለፍ ይቻላል። ነገ በሚቀጠረው ባልደረባ ማሽን ላይ ግን ይህ ደንብ የለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ «ሴት ዩአርኤል» ብሎ የጋራውን ፋይል ማስተካከሉ አይቀርለትም።