በእቁብ ገንዘብ የተገዛ ቤዝ ጊታር

የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ እያለ ለሙዚቃ መሣሪያ ገንዘብ ማውጣት ለብዙዎቻችን ቅንጦት መስሎ ይታየናል። መሣሪያው ለልጅ የተገዛ እንደ ሆነ ነገሩ ይታለፋል፤ እናትየዋ ለራሷ የገዛችው ከሆነ ግን ጠያቂው ይበዛል። ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሣው ይህንኑ ነው። ገዢዋም፣ መጀመሪያ የተሳሳትኩትም እኔው ስለ ሆንኩ ከራሴ ብጀምር ይሻላል።

በ1972 ዓ.ም. በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ሴቶች የምንሰለፈው በዘፈንና በውዝዋዜ ሲሆን መሣሪያው የወንዶቹ ድርሻ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ሳይጀመር ቤዝ ጊታሩ ወንበር ላይ ተደግፎ አገኘሁትና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቴ ነካሁት። ማጉያው ተከፍቶ ኖሮ ድምፁ ከጆሮዬ ይልቅ በወለሉ ጣውላ በኩል ወደ እግሬ መጣ። «ተይ አንቺ፣ ትሰብሪዋለሽ!» ተባልኩና ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ትዳርና ልጆች ተከታተሉ። አርባ ዓመት ገደማ ሲያልፍ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ደረሰኝ። አብዛኛው ገንዘብ ለፍሪጅና ለጣሪያ ጥገና የታሰበ ነበር። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ቆርጬ ቤዝ ጊታር ለመግዛት ወጣሁ።

ለመሆኑ ቤዝ ጊታር ምንድን ነው? በመልኩ ከጊታር ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን አንገቱ ይረዝማል፣ ብዙውን ጊዜ 4 ወፋፍራም ክሮች ብቻ አሉት፣ ድምፁም ከተራው ጊታር በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ከእርሱ በፊት ባንዶች የሚገለገሉበት ቆመው የሚጫወቱትን፣ ከሰው ቁመት የማያንሰውን ደብል ቤዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር በትከሻ የሚንጠለጠለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን «ፕሪሲዥን ቤዝ» ለገበያ አቀረበ። የስሙ ትርጉም «ትክክለኛነት» ነው። በደብል ቤዝ ላይ ጣት ትንሽ ከሳተ ድምፁ ይዛባል፤ በዚህኛው ግን በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች ስለ ተደረደሩ ጣት በሁለት ዘንጎች መካከል እስካረፈ ድረስ ድምፁ ቦታውን አይስትም። ይህን ያህል ሙዚቀኛ ያገለገለው ሰውዬ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር።

ወደ ግዢው ልመለስ። ደላላ ካገናኘኝ ሰው ቤት ሄድኩ። ቀዩ ቀለም እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሰውዬው ማጉያውን ከፍ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታው ያ የድሮው ድምፅ እግሬን ነካኝ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከፍዬ ወጣሁ። እቤት አድርሼ ረጋ ብዬ ስሞክረው በአንገቱ መሐል ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ቆመዋል። ጣቴ እስኪቀላ ብጫንም ዘንጉን አይነኩም። ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጠጋኙ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን በርዝመቱ አየና «ማዘር፣ ይሄ እኮ ቀስት ሆኗል» አለኝ።

እናቶች ይህን ልብ ይበሉ። በቤዝ ጊታር ላይ የተወጠሩት 4 ክሮች አንድ ላይ ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚገመት ኃይል አንገቱን ይስባሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው። ይህን የሚቋቋመው በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ባለው ብሎን ይጠብቃል ወይም ይላላል። አንገት ትንሽ ቢጎብጥ ችግር የለውም፤ በብሎኑ ይታረማል። የእኔው ግን ብሎኑ ቀደም ብሎ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አልቆ ነበር። ሻጩ ያውቅ ነበር? ሳያውቅ አይቀርም እላለሁ፤ ሆኖም አልጠየቅሁትም፣ እርሱም አልነገረኝም።

ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረም። ጊታሩን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝ። አሮጌው ፍሪጅ በሌሊት ሲንገጫገጭ ብቻ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

ሁለተኛውን ለመግዛት ከደመወዜ ስቆጥብ ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ ፍለጋው ደግሞ ሁለት ወር ወሰደ። በዚህ ጊዜ ማጉያ እንዲከፈትልኝ አልፈቀድኩም። ጥሩ ቤዝ ጊታር ኤሌክትሪክ ሳይነካውም ይናገራል። ክሩን ነክታችሁ ሆዳችሁ ላይ ባስደገፋችሁት እንጨት ውስጥ ንዝረቱ እስኪጠፋ ድረስ ቁጠሩ፤ ከአንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ቶሎ ሞቶ ከሌላው ላይ የሚረዝም ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። አንገቱን አናጢ ጣውላ እንደሚያይ ከራስጌው ወደ ታች እዩት። መጠምዘዙ ከመጉበጡ ይብሳል፤ የተጠመዘዘን በብሎን ማቃናት ያስቸግራል። ቀጥሎ ክሩን በአንድ እጅ በመጀመሪያው፣ በሌላው እጅ በመጨረሻው ዘንግ ላይ ተጫኑ። በመካከል በክሩና በዘንጉ መካከል ስስ ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ካለች ደህና ነው፤ ሳንቲም የምታሳልፍ ከሆነ ግን ዋጋ ለመቀነስ ተነጋገሩ ወይም ተዉት።

ከዚያም በእያንዳንዱ ክር ላይ እያንዳንዱን ዘንግ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። የመንዘዝ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ካለ ዘንጉ ተበልቷል ወይም ከቦታው ተነሥቷል። ነገሩ የሚገርመው በበገናችን ይህ ዓይነቱ ንዝረት ሆን ተብሎ የሚፈለግ መሆኑ ነው። በየአውታሩ ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ የምትገባው ድምፁ እንዲነዝር ነው። በበገና ጸጋ የሆነው በቤዝ ጊታር ጉድለት ይሆናል። እንዲያውም በገና እየሰማ ያደገ ጆሮ ነዝናዛውን ቤዝ ወዶት እንዳይገዛ እሰጋለሁ።

ማጉያው የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን በቀስታ አዙሩ፤ ጭርጭር ካሉ አቧራ ነውና በቀላሉ ይጸዳል። ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ ነቅነቅ ስታደርጉ ድምፁ የሚቋረጥ ከሆነ ሽቦው መበየድ አለበት፤ ይህም ቀላል ጥገና ነው። የሚያከስረው አንገት ነው።

ስለ መጠን ብዙ ሴቶች ይጠይቁኛል። በተለመደው ቤዝ ጊታር የክሩ ርዝመት ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አጭር የሚባለው ደግሞ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ እጅ ትንሽ ስለ ሆነ አጭሩን መረጥኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ወጣት «እሱ የልጆች ነው፣ ማዘር» አለኝ። ጳውሎስ ወይም ፖል ማካርትኒ የቢትልስ ባልደረባ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1961 በሐምቡርግ የገዛው ቫዮሊን መሳዩ ሆፍነር ይኸው አጭሩ ዓይነት ነበር። በአነስተኛ ዋጋ የገዛው ያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰርቆበት፣ ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ መገኘቱ በ2024 ተነግሯል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እጃችሁ ረጅም ከሆነ ግን ረጅሙን ሞክሩ፤ የታችኛው ክር ይበልጥ ጠጠር ብሎ ይሰማል። ከሁሉም በላይ በማንገቻው አንጠልጥላችሁ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቁሙ። ብዙዎቹ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። እጃችሁን ስትለቁት አንገቱ ወደ ወለል የሚያጋድል ከሆነ በየጊዜው በግራ እጃችሁ ስትደግፉት ትኖራላችሁ፤ ልጅ አዝላችሁ ያሳደጋችሁ ትከሻው ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

ይህን መሣሪያ የወንድ ብቻ አድርገው ለሚያዩ ሁሉ የካሮል ኬይን ነገር ማንሣት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደች አሜሪካዊት ስትሆን ቀን በታይፒስትነት እየሠራች ማታ ማታ ጊታር ትጫወት የነበረች የልጆች እናት ናት። በ1963 በሎስ አንጀለስ አንድ ስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋቹ ሳይመጣ ስለ ቀረ «አንቺ ያዢው» ተባለች። ያዘችው፤ ከዚያም ወደ 10,000 በሚገመቱ ቅጂዎች ላይ ተጫወተች። እኔን ደግሞ በ1972 ዓ.ም. «ተይ» ባይሉኝ... እንዲህ ማለት ግን ከንቱ ነው፤ እንደ እርሷ ቀንም ሌትም አልተለማመድኩም።

መግዛቱ አንድ ነገር ሆኖ መስማቱም ሌላ ትምህርት ነው። በቤታችን ሙዚቃ የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው። የስልክ ማጉያ ትንሽ ስለ ሆነች ዝቅተኛውን ድምፅ አታወጣውም። የቤዝ ወፍራሙ ክር ክፍት ሆኖ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህ ከስልኳ አቅም በታች ነው። ስለዚህ ልጆቻችን የሚያውቁት ዘፈን ግማሹ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ከአይቤክስና በኋላም ከሮሃ ባንድ የድሮ ቅጂዎች አንዱን ክፈቱ። ዘፋኙን ለጊዜው ተዉትና ከሥር የሚሄደውን ብቻ ተከተሉ። እርሱ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው። መቼ እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚል አድምጡ፤ እስክስታ ሲመታ ትከሻ የሚወድቀው እዚያው ክፍተት ላይ ነው። ከበሮ ያስተዋለ ሰው ይህን አያጣውም፤ ሰፊው ፊቱ የሚሰጠውን ጎርናና ድምፅ ቤዙም ይዞታል።

ከውጭ አገር ዘመድ ለሚያስመጡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጊታሩ ራሱ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ስለማይወስድ ከየትም ቢመጣ ችግር የለበትም። ማጉያው ግን ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ አገር 220 ቮልት ነው፤ መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከተሰካ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። አንዳንዱ ቤዝ ጊታር ደግሞ በውስጡ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለው። ኬብሉን ሰክታችሁ ብታድሩ መሣሪያው ባይነካም ባትሪው ያልቃል፤ ሁልጊዜ ንቀሉት።

ክር ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። አሮጌውን በውኃ ቀቅሎ ማድረቅ ቆሻሻውን ስለሚያስለቅቅ ለጥቂት ሳምንታት ድምፁን ያድሰዋል፤ እኔም ሁለት ጊዜ በሻይ ድስት ቀቅያለሁ፣ ድስቱ ግን ከዚያ ወዲያ ለሻይ አይሆንም። ለስላሳ ገጽ ያለውን ክር የምትመርጡ ከሆነ ለጣት ይመቻል፣ ረጅም ጊዜም ያገለግላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ለሞታውን የቀዳው ጄምስ ጄመርሰን እንዲህ ያለውን ክር ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል። የቀኝ እጁንም አንዲት ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር የሚጠቀመው።

ጎረቤት እንዳይረበሽ የምትሰጉ ደግሞ አትስጉ። ማጉያው ሲዘጋ ቤዝ ጊታር ከሽሮ መንተክተክ የበለጠ አይሰማም። እኔ የምለማመደው እራት ተበልቶ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ማእድ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። የልጄ ልጅ አልፎ አልፎ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ትመጣና ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ትለጥፋለች። «አያቴ፣ ወፍራሙን» ትለኛለች፤ ወፍራሙን እመታላታለሁ።

ፍሪጁ የተገዛው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ቀዩ ጊታር አሁንም ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፤ ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን እርሱ ራሱ ይተርካል፣ የከፈልኩትንም ዋጋ በየጊዜው ከፍ ያደርገዋል። የማእድ ቤቱ ጊታር ደግሞ ክረምቱ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ስለሚስብ አንገቱ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሰኔ ላይ ወደ ጠጋኙ እወስደዋለሁ፤ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያዞርልኛል።