ሁለት ኮይሎች ሲጠጋጉ

በላቦራቶሪ የማስተምራቸው ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሁለት አንድ ዓይነት ሰርኪዩት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ 1 ሚሊሄንሪ ኮይልና 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር አለው። ለየብቻ ሲለኩ ሁለቱም 159 ኪሎኸርዝ ላይ ሬዞናንስ ያሳያሉ። ኮይሎቹ ተጠጋግተው ሲለኩ ግን አንዱ ጫፍ ሁለት ይሆናል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፤ ተነቅሎ ይለካል፣ ደህና ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከላፕላስ ትራንስፎርም የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የአንዱን ካፓሲተር ቻርጅ አድርገን ብንለቀው፣ በጊዜ የሚጻፉት ሁለት ዲፈረንሺያል እኩልታዎች እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው። በላፕላስ ዲፈረንሺዬሽን ማባዛት፣ ኢንቴግሬሽን ማካፈል ይሆናል፤ የመነሻው ቮልቴጅም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እኩልታው ውስጥ አለ። በጣም የምወደው ይህንን ነው። ሰርኪዩቶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እኩልታዎቹን አንዴ መደመር፣ አንዴ መቀናነስ ይበቃል፤ ሲደመሩ የጋራው ኢንዳክታንስ በኮይሉ ላይ ይታከላል፣ ሲቀናነሱ ከላዩ ይነሳል። የትስስሩ መጠን 0.1 ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት 1.1 እና 0.9 ሚሊሄንሪ ያላቸው፣ የማይነካኩ ሁለት ቀላል እኩልታዎች ናቸው። 151.7 እና 167.8 ኪሎኸርዝ ይሰጣሉ። 159 ከመልሱ ውስጥ የለም!

ሬዞናንሱ የጥንዱ እንጂ የአንዱ ሰርኪዩት አይደለም። ልዩነቱ 16 ኪሎኸርዝ ስለሆነ፣ ብክነቱን ካልቆጠርን፣ በ31 ማይክሮሰከንድ ገደማ ኃይሉ ጠቅልሎ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ኦሲሎስኮፑ ላይ አንዱ ሞገድ ሲከሳ ሌላው ሲወፍር ይታያል።

ሲሙሌተር አልከለክልም። ግን በፊደል ሳይፈቱ የከፈቱት ተማሪዎች አንዱን ካፓሲተር እየለዋወጡ ጫፉን ወደ ቦታው ለመመለስ ይደክማሉ፤ አንዱ በተነካ ቁጥር ሁለቱም ጫፎች ይንቀሳቀሳሉ።

በድሮ ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮኖች ያለው የ455 ኪሎኸርዝ ትራንስፎርመር ይኸው ጥንድ ነው። ትስስሩ ሲጠነክር፣ ጠጋኙ አንዱን ኮይል ለማስተካከል በሌላው ላይ ለጊዜው ሬዚስተር ያገናኛል። ተማሪዎቼ ያንን ሬዚስተር እኩልታው ውስጥ እንዲያስገቡት አደርጋለሁ። ከሥሮቹ አንዱ ጥንድ ወደ ግራ ርቆ ይሄዳል፤ ያ ንዝረት ቶሎ ይሞታል፣ ጫፉም አንድ ይሆናል። የሬዚስተሩ መጠንም ከዚያው ይወጣል፤ ለእኛ ሰርኪዩት 5 ኪሎኦም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ያስፈልጋል።