ጋዙን የሚሠሩ፣ ጋዙን የሚበሉ

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. «ከምድር ውጭ ሕይወት ተገኘ» የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ። 124 የብርሃን ዓመት በምትርቀው ኬ2-18ቢ በተባለች ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ የዳይሜቲል ሰልፋይድ (ባጭሩ ዲኤምኤስ) ምልክት ታየ ተባለ። ምልክቱን ያቀረበው የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ራሱ «ተረጋግጧል» አላለም፤ መረጃውን መልሰው የፈተሹ ሌሎች ተመራማሪዎችም ምልክቱን ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። ወሬው ግን «ይህን ጋዝ የሚሠራው ሕይወት ብቻ ነው» እያለ አሁንም ይዞራል። ስሕተት ነው። ዲኤምኤስ ሕይወት በሌለበት፣ 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ላይም መገኘቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን ጋዝ በታየበት ሁሉ አምራቹን ብቻ መቁጠር ነው። የምድራችን ባሕር የሚያሳየው ሌላ ነው።

በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩት ደቂቅ ተንሳፋፊዎች፣ ፋይቶፕላንክተኖች፣ በብዛት የሚያከማቹት ዲኤምኤስን ሳይሆን እናቱን፣ ዲኤምኤስፒ የተባለውን ውሁድ ነው። የባሕሩን ጨው ለመቋቋም ይረዳቸዋል። በኖራ ቅርፊት የተሸፈነችው አልጌ ኤሚሊያኒያ ሀክስሊ በዚህ ትታወቃለች፤ ውሁዱን ሰንጥቆ ጋዙን የሚያወጣው ኢንዛይሟም በ2015 እ.ኤ.አ. ተለይቶ አልማ1 ተብሏል። ሕዋሷ ጤነኛ ሳለ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ነው። ዙፕላንክተን የተባለው ተንሳፋፊ ደቂቅ እንስሳ ሲያኝካት ወይም ቫይረስ ሲያፈርሳት ግን ውሁዱና ኢንዛይሙ ይገናኛሉ፤ ጋዙም ይፈታል። ስለዚህ የዲኤምኤስ መብዛት የአልጌዎቹን እድገት ሳይሆን እልቂታቸውን ሊያመለክት ይችላል።

ወደ ውኃው የፈሰሰው ዲኤምኤስፒ ደግሞ ባክቴሪያዎች እጅ ይወድቃል። አንዳንዶቹ ሰንጥቀው ዲኤምኤስ ያወጣሉ። ሌሎቹ አንድ ሜቲል ገፍፈው የቀረውን ካርቦንና ድኝ ለአካላቸው ግንባታ ያውሉታል፤ በዚህ መንገድ ዲኤምኤስ ጨርሶ አይወለድም። በባሕር ገጽ እጅግ የበዙት ሳር11 የተባሉት ባክቴሪያዎች ሁለቱንም መንገድ ይጠቀማሉ። የተወለደውንም ጋዝ ቢሆን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ የፀሐይ ብርሃንም በውኃው ውስጥ በሟሙ ነገሮች አማካይነት ይሰባብረዋል። ወደ አየር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። ያም ሆኖ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ስሌት መሠረት በዓመት 28 ሚሊዮን ቶን ገደማ ድኝ በዲኤምኤስ መልክ ከባሕር ወደ አየር ይወጣል። ታችኛው ቀዳዳው የማይታይ በርሜል እስከ ግማሽ መሙላቱ ቧንቧው ስንት እንደሚቀዳ አይነግርም፤ በባሕር ውኃ ውስጥ የሚለካ የጋዝ መጠንም እንዲሁ ነው። ነገሩ የዲኤምኤስ ብቻ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንኳ በባሕር ገጽ በዋነኛነት የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ባክቴሪያዎች ግን አብዛኛውን ይበሉታል።

በራሴ ዘርፍ ዲኤምኤስን ከደመና ጋር ስለሚያያይዘው ክርክርም ልናገር። በ1987 እ.ኤ.አ. ቻርልሰን፣ ላቭሎክ፣ አንድሬኤና ዋረን ፕላንክተን በዲኤምኤስ ደመናን አድምቆ ምድርን ያቀዘቅዛል፤ ሙቀቱም መልሶ ፕላንክተኑን ይቆጣጠራል የሚል መላ ምት አቀረቡ። ውብ ሐሳብ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን ኩዊንና ቤትስ በባሕር ላይ የደመና ጠብታ የሚቋጠርባቸው ቅንጣቶች ከብዙ ምንጭ፣ ከባሕር ጨው ርጭትም ጭምር፣ እንደሚመጡ አሳይተው ሞገቱት። ይህ ማለት ዲኤምኤስ ለደመና አይረዳም ማለት አይደለም፤ ከየብስ በራቀው የደቡብ ውቅያኖስ ይረዳል። ያልተረጋገጠው ከፕላንክተን ወደ ደመና፣ ከሙቀትም ተመልሶ ወደ ፕላንክተን የሚሄደው ዙር መግጠሙ ነው።

በኬ2-18ቢ የዲኤምኤስ መኖር ነገ ቢረጋገጥ እንኳ፣ የኮከቧ ጨረር ጋዙን በምን ፍጥነት እንደሚያፈርሰውና ያለ ሕይወት ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ሳይሰላ ስለ ነዋሪ ማውራት አይቻልም።