የድሬዳዋ ድንጋይ፣ የሳቢያን ውሃና የባሕር ፍጥረታት

ድሬዳዋ በባቡር መስመሩ ከጅቡቲ ወደብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ደቻቱን የመሳሰሉ ወንዞቿም ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞሉና ባሕር ሳይደርሱ በሜዳ የሚቀሩ ከተማ ብትሆንም፣ የባሕር ውሃ ሙቀት፣ ጨውና ኬሚካላዊ ይዘት በውስጡ ያሉትን ፍጥረታት እንዴት እንደሚያኖርና እንዴት እንደሚያጠፋ የሚያስረዳ ማስረጃ በዙሪያዋ ተከምሮ ይገኛል። ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚወጡት ገደላማ ኮረብቶች አብዛኛው ክፍላቸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህም ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ ጁራሲክ በተባለው የምድር ዘመን፣ ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ እስከ ትግራይና እስከ ዓባይ ሸለቆ የተንጣለለው ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ጥሎት የሄደ ደለል ነው። የሙገር፣ የመሰቦና የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ያሉባቸውን ስፍራዎች በካርታ ላይ የሚያገናኝ ሰው፣ ሳያስበው ያ ባሕር የደረሰበትን ምልክት ያደርጋል።

የኖራ ድንጋይ ዋና ይዘት ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ይኸው ውሑድ የዛጎልና የኦይስተር ቅርፊት እንዲሁም የኮራል አጽም የሚሠራበት ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ቢመስልም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ለስላሳ አካላቸውን በራሳቸው በሠሩት አጽም ላይ አሳርፈው በኅብረት የሚኖሩበት ነው። እነዚህ ፍጥረታት የሚገነቡበትን ካልሲየምና ካርቦኔት የሚያገኙት በዙሪያቸው ባለው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሆነ፣ ግንባታው የሚቀልላቸው ወይም የሚከብዳቸው በውሃው ኬሚካላዊ ሁኔታ ነው።

ይህ ሁኔታ ምን እንደሆነ ለማየት የድሬዳዋዋ ሳቢያን በቂ ናት። የሳቢያን የውሃ ጉድጓዶች ለድሬዳዋ ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሲሆኑ፣ ውሃቸው በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚመጣ በመሆኑ ካልሲየሙ ብዙ ነው። በማንቆርቆሪያ ደጋግሞ ሲፈላም ታቹንና ጎኑን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ይህ የሚሆነው ካልሲየም ካርቦኔቱን አሟሙቶ የያዘው በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነና ሙቀቱ ያንን ጋዝ ሲያባርረው ካርቦኔቱ ጠጥሮ ስለሚቀር ነው። በዚያው ቅርፊት ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ አረፋ እያወጣ ተመልሶ ይሟሟል። ጋዙ ሲቀንስ ድንጋይ ይገነባል፣ አሲድ ሲጨመር ይፈርሳል፤ በባሕር ውስጥ ያለው ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የሰው ልጅ ከነዳጅ፣ ከደን ቃጠሎና ከሲሚንቶ ምርት ወደ አየር ከሚለቅቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይውጠዋል፤ ጋዙም ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ደካማ አሲድ ይሆናል። ፒኤች በተሰኘው መለኪያ፣ ማለትም ከ7 በታች አሲድን ከ7 በላይ አልካሊን በሚያመለክተው ሚዛን፣ የላይኛው የውቅያኖስ ውሃ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ የነበረ ሲሆን ዛሬ ወደ 8.1 ወርዷል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ መለኪያ አንድ እርከን አሥር እጥፍ ለውጥን ስለሚወክል፣ የ0.1 ቅናሽ አሲዳማነትን የሚፈጥሩት የሃይድሮጂን አዮኖች በሩብ ያህል መጨመራቸውን ያሳያል። ባሕሩ ዛሬም አልካሊ እንጂ አሲድ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው የተጨመሩት አዮኖች ካርቦኔቱን እየያዙ ለቅርፊት ሠሪዎቹ የሚቀረውን ስለሚያሳንሱት ነው። በዚህ የተነሣ እንስሳው ለዕድገትና ለመራባት ሊያውለው የሚገባውን ጉልበት ለግንባታ ያውለዋል፤ የሚጎዱትም በመጀመሪያ ገና የተፈለፈሉት ናቸው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኙ የኦይስተር ማራቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ጫጩቶቹ በጅምላ ያለቁት፣ ነፋስ ከጥልቅ ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውሃ ወደ ገንዳዎቹ በመግባቱ ነበር።

ሙቀት በበኩሉ በሁለት በኩል ይነክሳል። የአብዛኞቹ የባሕር እንስሳት የሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ ውሃው ሲሞቅ የሰውነታቸው ሥራ ይፋጠንና ተጨማሪ ኦክስጂን ይሻሉ፤ ሞቃት ውሃ ግን ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጂን ይይዛል። የ30 ዲግሪ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ለመርጋት ከተቃረበ ውሃ ግማሽ ያህሉን ነው። በዚህ ላይ የሞቀው ውሃ ቀላል ሆኖ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉ ይቀንሳል። ብርሃንና ግፊትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ከ200 ሜትር በታች ለዕፅዋት የሚበቃ ብርሃን እንደማይኖር ማስታወስ ለዚህ ጽሑፍ በቂ ነው።

ጨው እንዴት እንደሚገድል ለማየት ከቀይ ባሕር የተሻለ መምህር አይገኝም። ተራ የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ ትነቱ ከባድ የሆነውና ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የሌለው ቀይ ባሕር በሰሜን ጫፉ ከ40 ግራም ያልፋል። ባሕሩ እንዲህም ሆኖ በሕይወት የሚኖረው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አነስተኛ ጨው ያለው ውሃ ስለሚገባለት ነው። ከ20 ሺህ ዓመታት በፊት፣ የዓለም ውሃ በበረዶ ታስሮ የባሕር ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል በወረደ ጊዜ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ከዛሬው ወለል 137 ሜትር ብቻ ዝቅ ያለው የባሕሩ ደፍ መግቢያውን ሊዘጋው ተቃረበ፤ ጨዋማነቱም ከ50 ግራም በላይ ወጣ። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ፣ ባለ ቅርፊትና ተንሳፋፊ ፍጥረታት ከአብዛኛው የባሕሩ ክፍል መጥፋታቸውን ከወለሉ የተወሰደው ደለል ይመሰክራል። ዳናክል ደግሞ የባሰው ደርሶበታል፤ ከ125 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ የቀይ ባሕር ክንድ ሆኖ በዳርቻው ኮራል ያበቅል የነበረው ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕሩ ተቆርጦ ሲተንን አሞሌ የሚቆረጥበትን የጨው ሜዳ ትቶ ደረቀ። የኮራሎቹ አጽም ግን ዛሬም በሜዳው ዳርቻ ይታያል።

ከበረዶው ዘመን በኋላ ቀይ ባሕር እንደገና በሕይወት የተሞላው በደቡቡ ሞቃት በር በኩል በገቡ ፍጥረታት ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ለሙቀት ያላቸውን ጽናት የሚያብራሩት በዚህ ነው፤ ሙቀትን ያልቻሉት በበሩ ቀርተው የቻሉት ብቻ አለፉ ይላሉ። በሌላው ዓለም ውሃው ከወትሮው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራል በአካሉ ውስጥ አስጠልሎ ምግብ የሚያገኝባቸውን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታል።

የውሃው ጠባይ ሁልጊዜ ጥፋት ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። በቀዝቃዛው ወራት ነፋስና ቅዝቃዜ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ውሃ ሲቀላቅሉት ከታች ያለው ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ፕላንክተን የሚባሉት ከውሃው ጋር የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትም ይበዛሉ። ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ የሆነው ዌል ሻርክ፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚሰበሰቡት ይህንኑ ለመመገብ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ድንጋይ ስንመለስ፣ አንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ሲቃጠል 440 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህም የጥንቱ ባሕር ፍጥረታት ከውሃው ወስደው የቆለፉት ነው። የድሬዳዋ ድርሻ በዓለም ሚዛን ኢምንት በመሆኑ ቤት የሚሠራውን ሕዝብ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ድንጋዩ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ግን ቅሪተ አካል ያለበትን እየለዩ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከፋብሪካዎቹ ጋር ተስማምተው ለተማሪዎች የሚታይ ስብስብ ቢያደራጁ፣ ወደብ የሌላት አገር ልጆች የባሕርን ሳይንስ በከተማቸው ድንጋይ ሊማሩ ይችላሉ።