የእህትየው እግር፦ ሴዳን ከፍ ስለማድረግ ተረትና እውነታ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ የጋራዣቸው በር ክረምት ከበጋ ገርበብ እንዳለ ነው። ሃያ ዓመት ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለፈው መጋቢት ብቅ ስል ከአሮጌ መኪኖች ግቢ ራሳቸው የነቀሏቸውን አራት አሞርዛተሮች ከነሞላቸው ወለሉ ላይ እንደ ቅርጫ ሥጋ ደርድረው አገኘኋቸው። የሚገጠሙት ለ2015 ሱባሩ ሌጋሲ ሴዳን ነው። የተነቀሉት ከዚያው ዓመት አውትባክ ነው።

«እህትማማቾች እኮ ናቸው» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «የአንዷ ጫማ ለሌላዋ ይሆናል። ሰባት ሳንቲ ሜትር በነጻ!»

እንዲህ ያለው ነገር በመኪና ሰዎች ዘንድ በየቀኑ ይወራል፤ ግማሹ ደግሞ እውነት ነው። ችግሩ ያለው በቀረው ግማሽ ላይ ነው።

እህትማማችነታቸውን የሚክድ የለም። ሌጋሲ ገበያ የወጣው በ1989 ነው። አውትባክ ከሌጋሲው ስቴሽን ዋገን የተወለደ መኪና ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ ከፍ ያለ እግር ይዞ የመጣው በ1996ቱ ሞዴል ነው። አውስትራሊያዊው ተዋናይ ፖል ሆጋን በማስታወቂያ ያስተዋወቀው እሱን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ፋብሪካው ራሱ ከፍ ያለ ሴዳን ሠርቶ ሸጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ እስከ 2007 ሞዴል ድረስ አውትባክ ሴዳን እዚህ አገር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ጋሼን «ሴዳን ምን ቆርጦት ከፍ ይላል?» ብሎ የሚስቅባቸው ሰው ራሱ ነው የሚሳሳተው።

የጋሼ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። «ከገጠመ ይሠራል» ይላሉ። ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ተረት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ቡሎኖቹ ይገጥማሉ። ከታች የጎማውን አንጓ የሚይዙት ሁለቱ ቡሎኖች፣ ከላይ ሰውነቱ ላይ የሚታሰሩት ዳዶዎች በቦታቸው ይገባሉ። ግን አሞርዛተሩ ብቻውን ቁመት አይሰጥም። መኪናውን ወደ ላይ ሲገፋው፣ መካኒኮች ብራቾ የሚሉት የታችኛው ክንድ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ውጭ ቁልቁል ያዘነብላል። ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግም አብሮ ይታጠፋል፤ ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር ግሪሱን የያዘው የላስቲክ ከረጢት ቶሎ ያልቃል፣ መጋጠሚያውም ይጨነቃል። የመሪው ዘንጎች ማዕዘንም ይለወጣል፤ ጉድጓድ ላይ ስትወርድ መሪው በራሱ ወደ ጎን የሚስበው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ የአውትባክ ትውልዶች ላይ ክንዶቹን በሚሸከመው የብረት አልጋና በመኪናው ሰውነት መካከል የብረት ማራቂያ ገብቷል። ሰውነቱ ወደ ላይ ሲወጣ አልጋው ወደነበረበት ዝቅ ይላል፤ ክንዶቹና ዘንጎቹም ወደ ቀድሞ ማዕዘናቸው ይመለሳሉ። የአውትባክ ከፍታ እንግዲህ ሙሉ ልብስ ነው፤ አሞርዛተሩ አንዱ ቁልፉ ብቻ ነው። በድሮዎቹ የሱባሩ ኢምፕሬዛዎች ላይ የፎሬስተር አሞርዛተር የገጠሙ ሰዎችም ሌላ ነገር አይተዋል። የኋላው ጎማ ከፍ ሲል በረጅሙ ክንድ ተስቦ በቅስቱ ውስጥ ወደ ፊት ይጠጋል። ከጎን ሲያዩት መኪናው አንድ እርምጃ ለመራመድ የተነሳ ይመስላል። ለዚያ ደግሞ ሌላ ማራቂያ ያስፈልጋል።

(በነገራችን ላይ ማራቂያው ዋጋ አለው። አልጋው ዝቅ ካለ ከአልጋው በታች ያለው ክፍተት ሰውነቱ ያደገውን ያህል አያድግም። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ አልጋውን ነው።)

ወደ ጋራዡ እንመለስ። የፊቱን የግራ ጎን ገጠምን። መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ሜትር ይዤ ከጎማው መሃል እስከ ቅስቱ ጠርዝ ለካሁ፤ ቀደም ብዬ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ከጻፍኩት ቁጥር ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጋሼ ሜትሩን ከእጄ ነጥቀው ደግመው ለኩ። ያው ነው።

«ሁለቱን ሳንቲም ማን በላው?»

ጎማው ነው። የ2015 ሌጋሲ ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአውትባኩ 22። ሰባቱ ሳንቲ ሜትር ከዚህ የመጣ ነው፣ ልክ ነው። ግን ጎማዎቻቸውን አንብቡ። ሌጋሲው 225/55 በ17 ጎማ ይዞ ይወጣል፣ አውትባኩ 225/65 በ17። ሲሰላ የመጀመሪያው ዲያሜትር 679 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፣ የሁለተኛው 724። ልዩነቱ 45 ሚሊ ሜትር ሲሆን መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ግማሹ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን። ጋሼ ከፈለጉት ከፍታ ሲሶው ያህል የነበረው ጎማ ውስጥ ነው።

ታዲያ የአውትባኩን ጎማ ቢያስገቡስ? ይቻላል፣ ግን በነጻ አይደለም። ጎማው በ6 ተኩል ከመቶ ግድም ስለሚበልጥ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል እውነተኛው 64 ይሆናል፤ ፖሊሱ የሚያነበው የራሱን መሣሪያ ነው። ጎማው መሪው ሙሉ ሲዞር የቅስቱን ፕላስቲክ እንዳይነካም መታየት አለበት። ሱባሩ አራቱንም ጎማ ስለሚነዳ ደግሞ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው፤ ሁለት ትልቅ ሁለት ትንሽ አድርጎ መንዳት የካምቢዮውን የውስጥ ዕቃ መብላት ነው።

ሌላው ስህተት ታሪክን ይመለከታል። አውትባክ ከፍ ያለው ለገጠር መንገድ ብቻ ተብሎ ነው ይባላል። መንገዱ ምክንያት ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም። በአሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ «ቀላል ጭነት መኪና» የሚባለው ተሽከርካሪ የሚለየው በከፊል ከመሬት ባለው ከፍታ ነው፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከመለኪያዎቹ አንዱ ነው። የጭነት መኪና ደረጃ ከተራ መኪናው ላላ ያለ ነበር። በ2004 መጀመሪያ ሱባሩ የ2005ቱን አውትባክ፣ ሴዳኑንም ጨምሮ፣ ይህን መስፈርት እንዲያሟላ እንዳስተካከለው በጋዜጣ ወጣ። ሴዳን በወረቀት ላይ ጭነት መኪና ሆነ ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አሞርዛተሩን አስቀምጠው ሳቁ።

አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ እዚህ ጋ «ለምን ይህን ሁሉ ትደክማላችሁ? ሞላው መሃል ጎማ አትከቱም?» ማለቱ አይቀርም። እኔም አይቻለሁ፤ የሞላው ጥቅልሎች መካከል ተጨምቆ የሚገባ ወፍራም ጎማ፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ። መኪናው ወዲያው ከፍ ይላል። ግን ጎማው የያዛቸው ጥቅልሎች መሥራት ያቆማሉ፤ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ ሞላው ይደርቃል፣ ጥርስ ያራግፋል፣ አንድ ቀንም ጎማው ከያዘው ቦታ ጎን ሊሰበር ይችላል። አሞርዛተሩም አልረዘመም። መኪናው አርፎ የሚቆምበት ቦታ ወደ ላይኛው ጫፉ ስለተጠጋ ጉድጓድ ሲገኝ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀት አጥሯል። በዚህ በኩል ጋሼ ልክ ናቸው፦ የአውትባክ አሞርዛተር ለዚያ ቁመት ከፋብሪካ ተለክቶ የተሠራ ነው። ጎማ ከመክተት የእህትየውን ዕቃ መግጠም ይሻላል። በጣም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በቁም አስጠንቅቃለሁ። አሞርዛተሩንና ሞላውን የሚያገናኘው የላይኛው ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር ከተፈታ ሰው ይገድላል። ሁለቱን ሳይለያዩ እንዳለ ነቅሎ እንዳለ መግጠም የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ከፍ ያለ መኪና ደህንነቱ የተጠበቀ ነው የሚለውን እምነት በቁጥር ልመልሰው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር የመገልበጥ ዝንባሌን የሚለካው የግራና የቀኝ ጎማ ርቀትን ለክብደቱ ማዕከል ቁመት እጥፍ በማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ጎማዎቹ 150 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የክብደቱ ማዕከል 53 ላይ ቢሆን 1.42 ይወጣል። ማዕከሉን በአምስት ከፍ አድርጉት፤ 1.29 ይሆናል። ተራ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ናቸው፤ ከ1.3 በታች የሚገኙት ባብዛኛው ትልልቆቹ ከፍ ያሉ መኪኖች ናቸው። ስለዚህ ሴዳኑን እንደ ሴዳን ኩርባ ላይ መወርወር ከዚህ በኋላ የለም።

በረዶውስ? ጋሼ ይህን ሁሉ የጀመሩት ለበረዶ ነበር። ከፍታ ሆዱ በረዶ ላይ እንዳይቀመጥ ይረዳል፣ ያ እውነት ነው። መንገዱን የሚይዘው ግን ጎማ ነው። ኮሎራዶም ይህን ሕግ አድርጋዋለች፤ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ኢንተርስቴት 70 ላይ አራቱን ጎማ የሚነዳ መኪና ቢያንስ አምስት ሚሊ ሜትር ግድም ጥርስ ያለው ጎማ ሊኖረው ይገባል። ስለ ቁመቱ የሚጠይቅ የለም።

«ዋስትናዬ ይሰረዛል» የሚለው ፍርሃትም የተጋነነ ነው። ከ1975 ጀምሮ ባለው የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን የሚከለክለው የገጠማችሁት ዕቃ ለብልሽቱ ምክንያት መሆኑን ካሳየ ነው። የራዲዮ ብልሽት በአሞርዛተር አይመካኝም። የተቀደደ የዘንግ ከረጢት ግን ሊመካኝ ይችላል።

አላይመንት አያስፈልግም የሚሉም አሉ። እኛ ጋ ያ ንግግር አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየው። ከታች ካሉት ሁለት ቡሎኖች የላይኛው መሃሉ ያልተስተካከለ ነው፤ ሲያዞሩት የጎማውን ጋደል ማለት ይለውጣል። ከመፍታታችሁ በፊት በሚስማር ጫር አድርጋችሁ ምልክት ማድረግ አለባችሁ። ጋሼ አላደረጉም። አራቱም ከተገጠሙ በኋላ የፊት ጎማዎቹ አናታቸውን ወደ ውጭ ገፍተው ቆሙ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ። የክንዶቹን ቡሎኖችም ያጠበቅናቸው መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ስለነበር ሁሉንም መልሰን ፈታን፤ ቡሽ ጎማዎቹ እንዲያርፉ ቡሎኖቹ የሚጠብቁት መኪናው በእግሩ ቆሞ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አላይመንት ቤት።

ማታ ሲመለሱ መብራታቸው የሳሎኔን መስኮት አቋርጦ ግድግዳው ላይ ወደቀ። መኪናው ከፍ ሲል መብራቱም ወደ ላይ እንደወጣ ደውዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ መኪናውን ከጋራዡ ግድግዳ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል አርቀን አቆምነው፤ እሳቸው ጠመኔውን ይዘው ግድግዳው ጋ፣ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የመብራቱን ማስተካከያ በካቻቢቴ እያዞርኩ።

«ዝቅ በል» ይላሉ። «ዝቅ… ቁም።»

የሌጋሲው አራት እግሮች አሁንም ጥግ ላይ ተደርድረዋል። መኪናውን ሲሸጡ መልሰው ሊገጥሟቸው ነው።