ፀሐይን፣ ነፋስንና ዝናብን ያገናዘበ የመሰብሰቢያ ቤት
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

እርሳስና ደብተራችሁን አዘጋጁ፤ ዛሬ ንባብም ሒሳብም አለብን። ትምህርታችን ስለ መሰብሰቢያ ቤት አሠራር ነው። እድሩ፣ ዕቁቡ፣ ሽምግልናው፣ የጎልማሶች ትምህርቱ ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። በበጋ ዋርካ ሥር እንቀመጣለን፤ ክረምት ሲገባስ? ቤት እንሥራ እንላለን። በምን እንሥራው? እንዴትስ እናቁመው?

በመጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ። እኔ መምህር ብቻ ሳልሆን የእድራችን ጸሐፊም ነኝ። ጸሐፊ ሆኜ ከመመረጤ በፊት አባላቱ ለብዙ ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው አዳራሽ አሠሩ። ውሉ በወረቀት ተጽፎ ቀረበ። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን እያተሙ አለፉ። ቤቱ በብሎኬትና በቆርቆሮ ተሠራ፤ መስኮቱ ሁለት ብቻ፣ ኮርኒስም የለው። በበጋ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። በሐምሌ አንድ ቀን ከቀብር ተመልሰን ገባንበት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእድሩ ዳኛ የሚናገሩት አልሰማ አለ። ልጃቸው የሞተባቸው እናት ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው፣ «ስለ ልጄ ምን እያሉ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በኋላ ውሉን አውጥቼ ሳነብ «ኮርኒስ አይጨምርም» የሚል መስመር አገኘሁበት። ያን መስመር ከፈረሙት መካከል ያነበበው አልነበረም።

እንግዲህ ይህ እናንተ ላይ እንዳይደርስ አምስት ነገሮችን አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛው ፀሐይ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ወይም ለዚያ ቅርብ ናት። ጠዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ትመጣለች። ይህችን ዝቅ ያለች ፀሐይ የጣሪያ ክፈፍ አያግዳትም። ስለዚህ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ። ወደ ፀሐይ መውጫና መግቢያ የሚዞሩት አጫጭር ግድግዳዎች ይደፈኑ፤ ወይም ከፊታቸው ዛፍ ይተከል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። የሞቀ አየር እንደ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። መውጫ ካጣ ከነሙቀቱ እዚያው ይቀራል፤ የተሰበሰበው ሰው ትንፋሽም ይጨመርበታል። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ከፍ ያሉ ቀዳዳዎች ይተዉ። ይህ ዋጋው ምን ያህል ነው? አስቀድሞ ከታሰበበት ኢምንት ነው።

ሦስተኛው ጣሪያ ነው። እዚህ ላይ ከአንዲት የቡርኪና ፋሶ መንደር ምሳሌ እንውሰድ። ጋንዶ ትባላለች፤ አገሩ በጣም ሞቃት ነው። የመንደሩ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ በጀርመን አገር የቤት ንድፍ ሲማር ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ስሚንቶ ከተቀላቀለበት የመንደሩ አፈር በተሠራ ጡብ ነው። ከጡቡ በላይ የአፈር ኮርኒስ አለ። ቆርቆሮው ደግሞ በቀጫጭን ብረት ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። በሁለቱ መካከል ነፋስ ይመላለሳል፤ የቆርቆሮው ግለት ተማሪዎቹ ዘንድ አይደርስም። ሕፃናቱ ለመሠረቱ ድንጋይ አመጡ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የሚባለውን ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? ቆርቆሮ ብቻውን ጣሪያ አይበቃም። ከሥሩ የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ ኮርኒስ ይግባበት፤ በመካከሉ አየር ይለፍ። ያን ጊዜ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ የዝናቡም ጩኸት ይበርዳል።

አራተኛው ግድግዳ ነው። ብዙዎቻችን ጭቃን የድህነት ምልክት አድርገን እንቆጥራለን፤ ይህ ስሕተት ነው። ወፍራም የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። ስሚንቶ ግን የኖራ ድንጋይ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ተቃጥሎ የሚገኝ ነገር ነው፤ ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ በመኪና ተጭኖ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ወጪ አለው። ለግድ ለሚያስፈልግበት ቦታ እንቆጥበው።

አፈራችሁን ፈትኑ። ነጭ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አፈር፣ ከዚያ ውሃ ጨምሩበትና አጥብቃችሁ ናጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ ድረስ ቀስ እያለ ከላይ ይጠላል። አሸዋው ከበዛ ግድግዳው ይፈረፈራል፤ ሸክላው ከበዛ ይሰነጣጠቃል። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለግድግዳ አይሆንም። መሠረትም ሲቆፈር ይህን አፈር አልፎ ጠንካራው ድረስ መውረድ አለበት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለጥቂት ቀናት ይቡካ፤ ጭዱ መሰንጠቅን ይከላከላል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃና ምስጥ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ከመሬት አንድ ክንድ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ተኩል ይውጣ። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። በየዓመቱ መስከረም ላይ አባላቱ በደቦ ወጥተው የተላጠውን ይምረጉት። በራሳችን እጅ የምንጠግነው ቤት የራሳችን ነው። የኮንሶ ሕዝብ ሞራ በሚባሉት አደባባዮቹ ያሉትን የመሰብሰቢያ ቤቶች ከአካባቢው እንጨትና ሣር እየሠራና እያደሰ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፏቸዋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

አምስተኛው የዝናብ ውሃ ነው፤ እርሳሳችሁን አንሡ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣሪያው የሚሸፍነው ቦታ 20 ሜትር በ8 ሜትር ቢሆን፣ 20 ሲባዛ በ8፣ 160 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1600 ሊትር ይሆናል። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲካፈል 8 በርሜል ነው። ጥቂቱ ቢባክንም እንኳ አሸንዳ ካለን ለእቃ ማጠቢያ ይተርፋል። አሸንዳ ከሌለን ግን ያው ውሃ ግድግዳችንን ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመቆፈራችሁ በፊት መሬት ላይ ገመድ ዘርግታችሁ አባላቱን በሙሉ አስቀምጡበት። ይበቃል? ከዘራ የያዙ አዛውንት ያለ ደረጃ ይገባሉ? በሮቹ ሁለት ሆነው ወደ ውጭ ይከፈታሉ? ድንኳኑና ብረት ድስቱ የት ይቀመጣል? በገመድ ላይ የተገኘ ስሕተት ገንዘብ አያስከፍልም።

የእኛ እድር ዘንድሮ ኮርኒስ ለማስገባትና ከፍ ያሉ ቀዳዳዎች ለመክፈት አዲስ ውል አዘጋጅቷል። በዚህ ጊዜ ውሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። እኒያ እናት ከጎልማሶች ክፍል ፊደል ቆጥረው ስለነበር፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ «ኮር-ኒስ» ብለው አነበቡ። «አለ» አሉና በገዛ እጃቸው ስማቸውን ጻፉ።

መልመጃ፦
1. የቤቱ ርዝመት ከወዴት ወደ ወዴት ይዘርጋ? ለምን?
2. ጣሪያው የሚሸፍነው ቦታ 10 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ስንት ሊትር ውሃ ይገኛል?
3. እናንተ የምትሰበሰቡበት ቤት ምን ይጎድለዋል? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉና በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንብቡት።

በሉ ደኅና ሰንብቱ።